ሰማያዊ መስመር፣ ነጭ መስመር

ውሃው ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን ብቻውን ገዛው። አባት በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ክፍላቸው መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ሰው አለመኖሩን ያወቀ ይመስል የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ የታወቀው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒስ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነበር። ልጃቸው በሩን ከፍታ ስትገባ የመኝታ ክፍሉ ፓርኬ አብጦ ተነስቷል፣ ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ ለአራት ሰው ሸክም ሆኗል፣ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩባቸው የሒሳብ መጻሕፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነዋል። አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ሌላው ሰው በሚያለቅስበት ቦታ ሁሉ እሷ የምትናደድ ሴት ናት።

ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ ግማሹ በሥራዋ፣ ግማሹ በምላሷ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ አንድ ሱቅና ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አላት። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው ሰሌዳ ላይ ያሰምሩ የነበረውን እሷ ጨርቅ ላይ ታሰምራለች። ጡረታ ከወጡ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ከኮት ኪሳቸው ጠመኔ አይጠፋም፤ ኮታቸውን ባጠበች ቁጥር ስትነጫነጭ ትውላለች።

ሐኪሙ ሲያስወጣቸው እሷን ለብቻዋ ጠራት። «እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳይተኙ» አላት። «ሻጋታ ከገባበት ይህ ሳንባ ሁለተኛ አይመለስም።» የእሷ ክፍል ደግሞ የጨርቅ ብናኝ የሚጨፍርበት ነው። ስለዚህ አባት «ለጊዜው» ታናሽ ወንድሟ ቤት ገቡ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሁሉን ነገር በፈገግታ የሚያልፍ የቢሮ ሰው ነው። «አባባ እኛ ጋ ናቸው፣ አታስቢ። አንቺ ቤቱን ተከታተይ» አላት። እሷም ተከታተለች።

ሦስት ኮንትራክተሮች መጡ። የመጀመሪያው ከበሩ ሳያልፍ በስልኩ ፎቶ አነሳና «በአራት ቀን እናስረክባለን» አለ።

«ግድግዳውን ነክተኸዋል?»

«ማየት ይበቃል።»

«እኔ ጨርቅ እንኳ ሳልነካ አልገዛም» ብላ ሸኘችው። ሁለተኛው ጠብታ ያልደረሰበትን ወጥ ቤት ጭምር ካላፈረስን አለ፤ እሱንም ሸኘችው፣ ደረጃውን ሲወርድ የሚሰማው ነገር ጨምራለት። ሦስተኛው ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ገባ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይሄ ግድግዳ ጠጥቶ ሰክሯል እትዬ» አለ። «ልስኑን እስከ ብሎኬቱ ካላራገፍነው አይደርቅም።»

እውነት የተናገረ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ወደደችው። ያልወደደችው ቀጥሎ ያለውን ነው። «ግን ችግር የለም» አለ። ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነበር። ቆይታ እንደሰማችው ሠራተኞቹ ራሳቸው ከኋላው የሚጠሩት «ችግር የለም» እያሉ ነው።

ሥራው ተጀመረ፣ የመቀስም ጨጓራ መላጥ ጀመረ። ደህናው የሳሎን ወለል ላይ ሲሚንቶ ሲያቦኩ ደረሰችባቸው። አዲሱን ቧንቧ ውሃ ለቀው ሳይፈትሹ ሊቀብሩት ሲሉ ደረሰችባቸው። ያበጠውን ፓርኬ አንስተው፣ ከሥሩ ያለው ወለል ሳይደርቅ አዲሱን ሊያነጥፉበት ሲሉ ደረሰችባቸው፣ አስነሳቻቸውም። «እትዬ፣ ከላይ ሲታይ እኮ ምንም አይልም» አላት አንዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው። «ከላይ ሲታይማ አንተም ሠራተኛ ትመስላለህ።» ችግር የለም ሌላ ቦታ ሁለት ሥራ ይዟል፤ ስትደውልለት ሁልጊዜ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ይሄ ሰውዬ መንገዱን ተከራይቶታል እንዴ ትላለች ስልኩን ዘግታ። ሲመጣ ግን ሥራ ያውቃል፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደዳት። የማያውቅ ሰው ቢሆን አባርራው ትገላገል ነበር።

ትልቁ ነገር ግድግዳው ነው። ቤቱ ድሮም ፀሐይ የማያገኝ ነው፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው። በማራገቢያው ላዩ ቶሎ ነጣ፣ በዓይን ለሚያየው የደረቀ መሰለ። መቀስ ዓይን አታምንም። ማታ ሱቋን ዘግታ ትመጣና ከላይ እስከ ታች ረጅም የላስቲክ ቁራጭ በስኮች ትለጥፍበታለች። ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይመጡ ተመልሳ ትገልጠዋለች። ላስቲኩ ከጀርባው ላብ ያወጣበት ከፍታ ላይ፣ ጨርቅ በምትለካበት ስስ ጠመኔ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታሰምርና ከጎኑ ቀኑን ትጽፋለች። ከዚያ ላስቲኩን ጠቅልላ ሱቋን ልትከፍት ትሄዳለች። ሠራተኞቹ ሲደርሱ የሚያገኙት መስመሩን ብቻ ነው።

«እኔን አትጠይቁኝ» አለቻቸው አንድ ቀን ሁሉንም አሰልፋ። «መስመሩን ጠይቁ። መስመሩ ወለል ሲደርስ ልሰኑ። ከዚያ በፊት አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ ግድግዳዬ ላይ ባይ፣ ነብር አየኝ በሉ።»

ለአባቷም ይህንኑ ነግራቸዋለች። ወንድሟ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቃቸው፣ እየኮራች፣ ላስቲኩንም ጠመኔውንም አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። «መስመሩ ወለል የነካ ቀን ቤትዎ ይገባሉ አባባ።» አባቷ ጥሩ መልስ እንደሰጠ ተማሪ አዩዋት። «አሁን የት ደርሷል?» አሉ። ደረት ላይ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ በመጣች ቀን ወገብ ላይ ነበር፤ ያን ቀንም የጠየቁት ይህንኑ ነው፣ እሷም ለሱቋ ስለቸኮለች ቆማ ነው የመለሰችላቸው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን መስመሩ ጉልበት ላይ ደረሰ። በዚያው ቀን የአሥራ አንድ ሚዜዎች ቀሚስ ጨርቅ ዘግይቶ ገባላትና ሦስት ቀን ከስፌት መኪናዋ ላይ ሳትነሳ ሰፋች። ላስቲክ መለጠፍ ቀረ፤ ግድግዳው የትም አይሄድም ብላ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስትከፍት አዲስ ሲሚንቶ ሸተታት። ግድግዳው ተለስኗል። ከጣሪያ እስከ ወለል ልሙጥ፣ ግራጫ፣ ከበሩ ኋላ ካለች ወርዷ ክንድ ከማይሞላ አንዲት ቁራጭ በቀር። መቀስ ተንበርክካ ያችን ቁራጭ አየች። ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ መስመር አለ። መስመሩ ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቀን አልተጻፈበትም። ቀና ብላ የራሷን ፈለገች፤ ጉልበት ላይ አለ፣ ቀጭንና ሰማያዊ፣ ቀኑ ከጎኑ። ደሟ ፈላ።

ችግር የለም ዛሬ መንገድ ላይ አልነበረም፤ ፓርኬ አስጭኖ ደረጃውን እየወጣ ነበር።

«ማን ልሰኑ አላችሁ?»

«መስመሩ እትዬ። እርስዎ እንዳሉት። ትናንት ጠዋት ስንመጣ ወለል ደርሶ ነበር።»

«እጅህን አምጣ» አለችውና መዳፉን ይዛ ከበሩ ኋላ ባለችው ቁራጭ ላይ ለጠፈችው። ሰውየው እጁን ለማንሳት አልቸኮለም።

«እርጥብ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ትናንት ለምን አልነካኸውም? መጀመሪያ የመጣህ ቀን እንደነካኸው?»

«አልነካሁትም። መስመሩን አምኜ ነው።»

«የቱን መስመር? የኔ ጠመኔ ሰማያዊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስምሬያለሁ፣ የእጄን ሥራ አላውቀውም? ይሄንን አንተ ነህ ያሰመርከው። ሥራው ተጓተተብህ፣ ሌላ ቦታ ይጠብቁሃል፣ መስመሩን አወረድከው።»

«ሰማያዊ ይሁን ነጭ እኔ ምን አውቄ እትዬ፤ መስመር መስመር ነው። ጠመኔ ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። የልጆቼን ፊት አልይ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ልጆችህን ለሲሚንቶ አትማልባቸው» አለችው። ደረጃው ላይ ናቸው፣ ድምፅ ደግሞ ደረጃ ላይ እንደሚያስተጋባው የትም አያስተጋባም። አጭበርባሪ አለችው። ሰው ለመግደል ግድግዳ የሚለስን አለችው። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኙት አባቴ ናቸው፣ ሳንባቸው አንድ ነው የቀራቸው አለች፤ ሳንባ ሁለት መሆኑን በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳታል። የፎቁ በሮች ሁሉ ተገርበብ ተገርበብ አሉ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ኮርኒሷን ልታሠራው የነበረችው የታችኛዋ ጎረቤት አንገቷን አወጣችና «እኔም ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለች። ችግር የለም ሠራተኞቹን ጠርቶ ልስኑን እስከ ብሎኬቱ አስራገፈ፣ ፍርስራሹን በጆንያ አስወጣ፣ ወለሉን አስጠረገ፣ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ያን ቀን ችግር የለም የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማ የለም።

መቀስ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድሟ ቤት ስትሄድ ንዴቷ ገና ትኩስ ነው። ለአባቷ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንደቀረ ልትነግራቸው ነው፣ ያንን ሰውዬ እንዴት ልክ እንዳስገባችውም ልትነግራቸው። በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ናት።

«እንኳን መጣሽ እትዬ» አለቻት። «አባባ ቤቱ ደርቋል ብለውን እኮ ማታ ልንሸኛቸው ነበር።»

አባቷ ሳሎን ሶፋው ጫፍ ላይ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ተዘግቶ ቆሟል። የቀኝ እጅጌያቸው ጫፍ ነጭ ነው፣ የኪሳቸውም አፍ።

መቀስ ኮቱን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠበችው ብናኝ ነው፤ ጨርቅ ከምታውቀው በላይ ታውቀዋለች። የወንድሟ ሚስት ነገሩ ገብቷት ወይም ሳይገባት ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ሰውየውን ተቆጣሽው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት ወይ?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ሳይነጋ ሄድኩ። ቁልፉ እኔ ጋ አለ አይደል። አንቺ ከመጣሽ ትደርሺብኛለሽ ብዬ ፈርቼም ነበር፤ አልመጣሽም።»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰሙም? ያ ክፍል እኮ ይገድልዎታል።»

«ሰምቻለሁ።» ወደ ወጥ ቤቱ በር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ የምተኛው ሶፋው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን አይቶ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ምንም አይደለም። ሲያስለኝ ግን በሮች ይዘጋሉ። መጀመሪያ የወንድምሽ፣ ከዚያ የልጆቹ። ቀስ ብለው ነው የሚዘጉት፣ ጨዋዎች ናቸው። አንድ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። አሁን ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ መሳል ለምጃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ?» አሉ።

ለወቀሳ አላሉትም። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት። መቀስ ግድግዳውን ጠዋት ማታ ጠይቃለች፤ እየዳበሰች፣ እየለካች፣ ቀኑን እየጻፈች። አባቷን በሃያ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ያውም አንዱን ቆማ። ወንድሟ ላይ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር፣ የምትለውንም አዘጋጅታ ነበር፤ ግን ጩኸቱ የት እንደሚያርፍ ስላወቀች ዋጠችው። ሻንጣውን አነሳች። «ይነሱ» አለቻቸው። «ወዴት?» ሲሏት «ይነሱ ብያለሁ» አለች፣ ልክ እሳቸው አስቸጋሪ ተማሪ ያስነሡ እንደነበረው።

ወንድሟን ደረጃው ሥር ከሥራ ሲመለስ አገኙት። ሻንጣውን አየና ፈገግ አለ። «ምነው፣ አስቀየምናቸው? ማንም ምንም አላላቸውም እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ» አለችው። «ማንም ምንም አላላቸውም።» አልፋው ሄደች።

ከዚያ ማታ ጀምራ እስከ ሦስተኛው ቀን ቀትር ድረስ የጨርቁን ጥቅል፣ ሁለቱን የስፌት መኪናዎች፣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከክፍሏ አውጥታ ውሃ ወዳልደረሰበት የአባቷ ሳሎን አዛወረች። ክፍሏን ከጣሪያ እስከ ወለል ሦስት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ አልጋዋን ለአባቷ አነጠፈች፣ ለራሷ ሱቁ ውስጥ ፍራሽ ጣለች። አንድ ቀን ተኩል ፈጀባት። መጀመሪያውኑ ልታደርገው ትችል የነበረ ነገር መሆኑ ነው ያንገበገባት። በሃያ ቀን ውስጥ አንድ ቀን ተኩል አጥታ።

ከዚያ ችግር የለምን ፍለጋ ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይህን እያወቀች ነው የሄደችው። ሁለት መንገድ አልፎ ካለ ሕንፃ ላይ፣ መሰላል ላይ አገኘችው። እንዳለ ነገረችው፣ የአባቷንም ነገር ሳትደብቅ። ሰውየው እስክትጨርስ ከመሰላሉ አልወረደም። ሲወርድ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። ቃሉን ከተናገረችው ብዙ ጊዜ ስለሆነ ቁጣ ነው የመሰለው።

«ችግር አለ እትዬ» አለ።

«ምንድን ነው?» አለችው መቀስ።

«እኔን የሰደቡኝ ደረጃ ላይ ነው። ሰባት በር ተከፍቷል፣ ቆጥሬያለሁ። አንድ ሥራ ቀርቶብኛል። እዚህ ሹክ ብለው ይቅርታ ሲሉኝ ማን ይሰማል?» ከዚያ ትንሽ ተረጋግቶ ጨመረበት። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ግድግዳ ሳልነካ አልለስንም ነበር፣ ድሮ። እርስዎን መፍራት ከግድግዳው በላይ ሆነብኝ።»

በዚያው ቀን ደረጃው ላይ ቆመች። ችግር የለም ከታች ነበር፣ መሣሪያውን እንደያዘ።

«ስሙኝ» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ያው የትናንት በስቲያው ድምፅ ነው፣ በሮቹም እንደዚያን ቀን ተገርበብ አሉ። «ይሄንን ሰው አጭበርባሪ ብዬዋለሁ። አይደለም። መስመሩን ያወረደው የእኔው ቤት ሰው ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ያውቃል። ስሰድበው የሰማችሁ ይሄንንም ስሙ።»

«ታዲያ ማን ነው ያወረደው?» አለች የታችኛዋ ጎረቤት።

«እሱ አንቺን አይመለከትሽም» አለቻት መቀስ። «አንቺን የሚመለከትሽ ኮርኒስሽ ነው። በሩን ክፈቺለትና ይይልሽ።»

ግድግዳው እንደገና ከጉልበት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት መቀስ ላስቲኩን ስትገልጥ ችግር የለም ከጎኗ ይቆማል፤ እሷ ታሰምራለች፣ እሱ በመዳፉ ይነካል፣ አንዳንዴም «ዛሬ አንድ ጣት አበዙለት» ይላታል፣ ትነጫነጭና ታስተካክለዋለች።

በሳምንቱ ሙሽራዋ ራሷ ቀሚሷን ልትለካ ወደ ሱቁ መጣች። መቀስ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ነክሳ መስተዋቱ ሥር ተንበርክካለች፣ የልብሱን ጫፍ እያጠፈች ትወጋለች። ከኋላ ክፍል አባቷ ሳሉ። ረጅም ነው፣ ከሥር የሚመጣ ነው፣ አልቆም አለ። ሙሽራዋ በመስተዋቱ ውስጥ በሩን አየችው፣ ትከሻዋንም ሰበሰበች።

የመቀስ እጅ ተነሳ። ማንም አላዘዘውም። ሳትነሳ፣ እንደተንበረከከች፣ ክንዷን ዘርግታ በሩን ትገፋው ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰማ፣ በጨዋ ደንብ። በሩ ግማሽ ሲደርስ ሳሉ ባንድ ጊዜ ታፈነ። ምን እንደተደረገበት አወቀች።

መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ ወደ መዳፏ ተፋቻቸው። ተነስታ በሩን ግድግዳው እስኪመታ ድረስ ከፈተችው። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትራሱ ፊታቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

«አባቴ ናቸው» አለቻት ለሙሽራዋ ሳትዞር። «ያስላቸዋል።»

ከዚያ ለአባቷ «ትራሱን ያውርዱት» አለች። ድምፅዋ ቁጣ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አታውቅበትም።

አባት ትራሱን አወረዱና ሳሉ።